የዓድዋ ዕለት ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2? አንድ ዓመት ብዙ ስም ስለሚይዝበት ምክንያት

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል ሲከበር፣ በፈረንጆች ቀን መቁጠሪያ ላይ የሚታየው ዕለት ማርች 2 ነው። የአውሮፓ የታሪክ መጻሕፍት ግን ውጊያው የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 እንደነበረ ይጽፋሉ። ይህን ልዩነት ያስተዋለ ሰው ወይ ፈረንጆቹ ተሳስተዋል፣ ወይ እኛ በዓሉን አንድ ቀን አዘግይተን እናከብራለን ብሎ ይገምታል። የተሳሳተ ግን የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርግጥ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የካቲት 23 በእርግጥ ማርች 2 ነው። ነገሩ የሚገባን አንድ ዓመት በተለያዩ አቆጣጠሮች የተለያየ ስም የሚያገኝበትን መንገድ ስናውቅ ነው፤ ለዚህም ከዓድዋ ዓመት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዕለቱ እሑድ ነበር። በኢትዮጵያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ ወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው፤ ከፍጥረተ ዓለም ጀምሮ ለሚቆጥር ደግሞ ዓመቱ 7388 ዓመተ ዓለም ይባላል። ሮም ውስጥ ዕለቱ ማርች 1 ቀን 1896 ሲሆን፣ ሩስያ ውስጥ ግን ገና ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1896 ነበር። የግብጽ ቅብጦች አምሺር 23 ቀን 1612 ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። ሙስሊሞች በ1313 ሒጅራ የረመዳን ወር አጋማሽ ላይ ነበሩ፤ አይሁድ ደግሞ በ5656 የአዳር ወር አጋማሽ ላይ። በኢስታንቡል የኦቶማን መንግሥት የሒሳብ መዝገብ ዓመቱን 1311 ብሎ ይጽፈዋል። በቤጂንግ የጓንግሹ ንጉሠ ነገሥት 22ኛ ዓመት፣ በቶኪዮ የሜጂ ዘመን 29ኛ ዓመት ነበር። ፀሐይ የወጣችው ለሁሉም አንድ ጊዜ ነው፤ የዓመቱ ስም ግን በየአገሩና በየሃይማኖቱ ተለያየ።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚነሣ፣ ዓመቱ በየትኛው ቀን እንደሚለወጥ፣ እና አንዱ ዓመት ስንት ቀን እንዳለው። ሦስቱ ተደባልቀው ስለሚታሰቡ ነው ግራ የሚያጋቡት።

ከመነሻው እንጀምር። የእኛ 1888 እና የአውሮፓ 1896 ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት እንቆጥራለን ይላሉ፤ ይሁንና በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ያመጣው የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ በ1582 ያደረገው የቀን መቁጠሪያ ለውጥ እንደሆነ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። በዚያ ለውጥ የተዘለሉት ዐሥር ቀኖች ብቻ ናቸው፤ ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ተባለ፤ የዓመቱ ቁጥር ግን ያው 1582 ሆኖ ቀጠለ። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል።

በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ የመጽሐፍ ቅዱስን የትውልድ ዘመናት ደምሮ፣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ሞልቶ ክርስቶስ በ5501ኛው ዓመት እንደመጣ አሰላ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስሌት ያዘች፣ ኢትዮጵያም ከእርሷ ወረሰችው። ዛሬም ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሚያወጣ ሰው የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ ከ7388 ላይ 5500 ዓመተ ፍዳ ሲቀነስ 1888 ዓመተ ምሕረት ይገኛል። ሮም የነበረው መነኩሴ ዲዮኒሲዮስ ኤክሲጉስ ደግሞ በ525 የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ በራሱ መንገድ ሄደ። የቀድሞው ሠንጠረዥ ዓመታትን የሚቆጥረው ከሮማዊው ንጉሥ ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምሮ ነበር። ዲዮኒሲዮስ ክርስቲያኖችን ያሳደደ ንጉሥ ስም በፋሲካ ሠንጠረዥ ላይ መዘከር የለበትም ብሎ፣ ሊጽፈው በሚገባው 248 ምትክ ከክርስቶስ ሥጋዌ 532 ብሎ ጻፈ። 532 ላይ እንዴት እንደደረሰ ግን አላብራራም። የእርሱ ልደት ከእስክንድርያው ልደት ቀደም ያለ ስለሆነ፣ በእርሱ ቁጥር የሚሄዱ ሁሉ ከእኛ በሰባትና በስምንት ዓመት ይበልጣሉ። ስለዚህ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ ቀረች የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም፤ ሁለት መነኮሳት በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት መልስ ሰጡ፣ ሁለቱም መልሶች ተከታይ አገኙ።

የሚገርመው፣ ዲዮኒሲዮስ የሸሸውን ቁጥር ቅብጦች አልጣሉትም። ያው ቁጥር፣ ያው መነሻ ሆኖ ሳለ ስሙን ብቻ ለውጠው «ዓመተ ሰማዕታት» አሉት፤ አሳዳጁ ቀርቶ የተሳደዱት እንዲታሰቡ። በዚህ ምክንያት ከ284 የተነሣው ቁጥር በ1896 ላይ 1612 ደረሰ። የቅብጦችና የእኛ አቆጣጠር ወሩም፣ የዓመቱ መባቻም፣ የዓመቱ ርዝመትም አንድ ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 276 ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አይዛነፍም። አቆጣጠሮች በመነሻቸው ብቻ ሲለያዩ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ከፍጥረት የሚቆጥሩትም ቢሆኑ እርስ በርስ አይስማሙም። ለእኛ 7388 የሆነው ዓመት ለአይሁድ 5656 ነው፤ በባዛንታይን ሊቃውንት ስሌት ደግሞ 7404 ይሆናል። ከአይሁድ ጋር ያለው ሰፊ ልዩነት ምንጩ የኦሪት ዘፍጥረት ንባብ ነው። አዳም ሴትን ሲወልድ ዕድሜው በዕብራይስጡ 130፣ በግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም 230 ነው፤ እንዲህ ያለው የመቶ ዓመት ብልጫ በብዙ አበው ላይ ስለሚደጋገም ድምሩ ከሺህ ዓመት በላይ ይደርሳል። የእኛና የባዛንታይን ሊቃውንት ግን ሁለቱም የግሪኩን ንባብ ስለተከተሉ በ16 ዓመት ብቻ ይለያያሉ። በባዛንታይኑ ቁጥር ለረጅም ዘመን የቆየችው ሩስያ ነበረች፤ ታላቁ ጴጥሮስ 7208 ዓመተ ዓለም ሲያበቃ ቀጣዩ ቀን ጃኑዋሪ 1 ቀን 1700 እንዲባል አዘዘ።

ሁለተኛው ነገር የዓመቱ መለወጫ ነው። አንባቢን በጣም የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ስምንት መደመር ይበቃል ብለን ስለምናስብ ነው። የዓድዋ ጦርነት ታሪክ ራሱ ይህን ያፈርሰዋል። ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ያስነገሩት በመስከረም 1888 ነው፤ ይህ ወር በአውሮፓ ሴፕቴምበር 1895 ነበር። ውጊያው በየካቲት 1888 ሲደረግ በአውሮፓ 1896 ገብቷል። የሰላሙ ውል አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ኦክቶበር 26 ቀን 1896 ሲሆን፣ በእኛ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ነበር። እንግዲህ ለኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ክተቱና ውጊያው የአንድ ዓመት፣ ውሉ የሚቀጥለው ዓመት ነገር ነው፤ ለአውሮፓዊው ግን ክተቱ የባለፈው ዓመት፣ ውጊያውና ውሉ የአንድ ዓመት ነገር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት የምንደምረውም ለዚህ ነው። በስደት አገር የመኖሪያ ፈቃድ ሲያወጡ ወሩን ሳይመለከቱ በጅምላ ስምንት የደመሩ ሰዎች፣ የጥቅምት ልጅ ሆነው ሳለ በወረቀት አንድ ዓመት አንሰው ሲገኙ አይቻለሁ።

የዓመት መለወጫ በአንድ አገርም ውስጥ ሊቀየር ይችላል። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ ዓመታቸውን የሚለውጡት ማርች 25 ቀን ነበር፤ ስለዚህ ንጉሣቸው ቀዳማዊ ቻርልስ የተሰየፈበትን የጃኑዋሪ 30 ቀን የዚያን ጊዜ ሰዎች 1648 ብለው ጽፈውታል፣ የዛሬ መጻሕፍት ደግሞ 1649 ይሉታል።

ሦስተኛው የዓመቱ ርዝመት ነው። የሒጅራ ዓመት ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል። መነሻው የነቢዩ መሐመድ ስደት፣ ማለትም 622 ስለሆነ፣ ከ1896 ላይ 622 ሲቀነስ 1274 ይቀራል፤ ይሁን እንጂ ዓመቱ 1313 ነበር። እነዚያ 39 ትርፍ ዓመታት ከየትም አልመጡም፤ በየዓመቱ የተረፉት 11 ቀኖች በ1274 ዓመት ውስጥ ተጠራቅመው የፈጠሯቸው ናቸው። ይህን ከሁሉ በግልጽ የሚያሳየው የኦቶማን መንግሥት ነው። በ1840 የመንግሥቱ ገንዘብ ቤት ግብር ከመኸር ጋር እንዲገጥም ብሎ የፀሐይ ዓመት ሲጀምር፣ ቁጥሩን ከሒጅራው 1256 ላይ አንሥቶ ቀጠለ። ሁለቱ ቁጥሮች በዚያ ዓመት እኩል ነበሩ። ከ56 ዓመት በኋላ፣ ዓድዋ ላይ ውጊያው ሲካሄድ፣ በመስጊድ 1313፣ በግብር መዝገብ 1311 ሆነው ተገኙ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ መንግሥት፣ ከአንድ ስደት የተቆጠሩ ሁለት ዓመታት ናቸው።

አይሁድም ወራቸውን በጨረቃ ቢቆጥሩም በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ወር ስለሚጨምሩ ዓመታቸው ከፀሐይ አይርቅም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት «ንዑስ ቀመር» የሚሉትም ይኸው የ19 ዓመት ዑደት ነው፤ የጾሞችንና የበዓላትን ቀን ለማውጣት የሚያገለግሉት አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት ቁጥሮች የሚወጡት ከእርሱ ነው። ለ1888 ይህ ስሌት ሲሠራ መጥቅዕ 15፣ ጾመ ነነዌ ጥር 19፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 3፣ ፋሲካ መጋቢት 28 ይውላል። እንግዲህ የዓድዋ እሑድ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበረ፤ ከሒጅራው እንዳየነው ደግሞ በረመዳን ውስጥ ነበረ። በአንዱ ሠራዊት ውስጥ የነበሩ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ሁለቱም የጾም ወቅታቸው ነበር። እንዲህ ያለ መገጣጠም በየዓመቱ የለም፤ ዐቢይ ጾም ከየካቲት አካባቢ ሳይርቅ ሲመላለስ፣ ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል።

አሁን ወደ ማርች 1 እና ማርች 2 እንመለስ። ጥያቄው ከዓመት ርዝመት ጥያቄ የወጣ ነው፣ ግን በጣም በጥቂቱ። የእኛ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ ሩቧ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፣ ይህም ያለ ምንም ልዩነት ይቀጥላል። ጎርጎርዮስ ያስተካከለው የቀድሞው የዩልዮስ አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚያ 11 ደቂቃ ገደማ ያጥራል፤ ትንሽ ትመስላለች፣ በ400 ዓመት ግን ሦስት ቀን ትሆናለች። የጎርጎርዮስ ማስተካከያ ዋና ነገሩ እነዚህን ሦስት ቀኖች ማስወገድ ነው፤ ስለዚህ በመቶ የሚያልቁ ዓመታት ለ400 ካልተካፈሉ ፌብሩዋሪ 29 አይኖራቸውም። 1900 እንደዚህ ያለ ዓመት ነበር። አውሮፓ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ስትዘል እኛ አልዘለልንም፤ በመሆኑም ከድሉ በአራተኛው ዓመት፣ በ1892 ዓ.ም. የካቲት 23 ለመጀመሪያ ጊዜ ማርች 2 ላይ ዋለ። እስከ 1891 ድረስ ማርች 1 ነበር። በዚያው ምክንያት ቀድሞ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ይውል የነበረው እንቍጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 11 ተዛወረ። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም አልተለወጠም። በ2100 ግን አውሮፓ እንደገና አንድ ቀን ትዘላለች፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የካቲት 23 ማርች 3 ይሆናል፣ እንቍጣጣሽም ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሄዳል።

ሩስያና ግሪክ በ1896 ገና በዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበሩ ከሌላው አውሮፓ በ12 ቀን ይዘገዩ ነበር። ከዓድዋ አምስት ሳምንት ያህል በኋላ አቴና ላይ የተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ለእንግዶቹ ኤፕሪል 6፣ ለባለ አገሮቹ ማርች 25 ነበር። የሩስያው አብዮት «የኦክቶበር አብዮት» ተብሎ በኖቬምበር 7 ሲከበር የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአገሬው አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ነበርና። በእኛ ግን ያ ቀን ጥቅምት 28 ቀን 1910 ስለሆነ፣ «የጥቅምት አብዮት» ያሉት የአማርኛ ጸሐፊዎች ሳያስቡት ትክክል ነበሩ።

እስካሁን ያየናቸው አብዛኞቹ ዓመታት ቁጥር ናቸው። የጥንት ሰዎች ግን ዓመትን ከመቁጠር ይልቅ መሰየም ይወዱ ነበር። ሮማውያን ዓመቱን ቆንስል በሚባሉት በሁለቱ የዓመቱ ሹማምንት ስም ይጠሩት ነበር፤ አቴናውያን አርኮን በሚሉት ሹማቸው፣ አሦራውያን በየዓመቱ በሚሾሙት ባለሥልጣን። ችግሩ የሹሙ ስም ከአገሩ ውጭ ምንም ትርጉም አለመስጠቱ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ የአቴናና የስፓርታ ጦርነት የጀመረበትን ዓመት ለሁሉም ግሪካዊ ለማስረዳት ሲፈልግ፣ በአርጎስ ክሪሲስ የምትባለው ካህን 48ኛ ዓመቷን ስትይዝ፣ በስፓርታ አይኔሲያስ ኤፎር የሚባለው ሹም ሆኖ፣ በአቴና ፒቶዶሮስ በአርኮንነት ሊቆይ ሁለት ወር ሲቀረው ብሎ ለመጻፍ ተገደደ። እኛ ያንን ሁሉ 431 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ብለን እንጨርሰዋለን።

የሹማምንት ስም ዝርዝር ብቻውን ከዛሬው ቁጥር ጋር አይገናኝም፤ ማያያዣ ይፈልጋል። ከማያያዣዎቹ ሁሉ የሚታመነው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። የአሦራውያን ዝርዝር ቡር ሳጊሌ የተባለው ሹም በነበረበት ዓመት፣ በሲማኑ ወር ፀሐይ እንደጨለመች ይናገራል። ግርዶሽ ወደ ኋላም ሊሰላ ስለሚችል፣ ያ ቀን ከክርስቶስ ልደት በፊት 763፣ ጁን 15 እንደሆነ ታወቀ፤ አንዱ ዓመት ሲታወቅ ከእርሱ በፊትና በኋላ በተከታታይ የተዘረዘሩት ሁሉ አብረው ቦታቸውን ያዙ።

ዓመትን መሰየም ጨርሶ አልጠፋም። ጃፓን እስከ ዛሬ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትቆጥራለች። እኛም ዓመቱን ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን እንሰይማለን፤ ይህም ስም ብቻ ሳይሆን ስሌት አለበት። 7388 ለአራት ሲካፈል 1847 ደርሶ ምንም አይተርፍም፣ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 1847 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ከ7388 ጋር ተደምሮ ለሰባት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፣ በባሕረ ሐሳብ ቀሪው ሁለት ሲሆን ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ የ1888 መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ ማለት ነው። ከዚያ 172 ቀን የቆጠረ ሰው የካቲት 23 ላይ ይደርሳል፤ እሑድን ያገኛል። የጣልያን መዛግብትም እሑድ ይላሉ። አቆጣጠሮች በዓመት፣ በወርና በቀን ቁጥር ሲለያዩ በሳምንቱ ቀን ግን አይለያዩም፤ የዘመን ስሌት የሚያርም ሰው መጀመሪያ የሚያየውም ይህን ነው።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከዚህ ሁሉ ውዝግብ ለመውጣት ዓመትንና ወርን ትተው ቀንን ብቻ ይቆጥራሉ። መነሻው በዩልዮስ አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት የ4713 ጃኑዋሪ 1 ነው። በዚህ ቁጥር የዓድዋ ዕለት 2,413,620 ነው፤ አንዱን አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚመልሱት የኮምፒውተርና የስልክ መተግበሪያዎች በአብዛኛው በውስጣቸው የሚያልፉት በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው። አንድ ነገር ግን እነርሱም አይፈቱትም። ለአይሁድና ለሙስሊሞች ቀኑ የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ውጊያው ጎሕ ሲቀድ ስለተጀመረ በዚህ ረገድ ችግር የለም፤ በዚያው እሑድ ምሽት ስለሆነ ነገር የሚጽፍ ሰው ግን በአዳርና በረመዳን አንድ ቀን መጨመር አለበት።

በድሮ ደብዳቤ ወይም በብራና ላይ ወርና ቀን ሳይኖር «1888 ዓ.ም.» ብቻ ተጽፎ የሚያገኝ ሰውም 1896 ብሎ መተርጎም አይችልም። ያ ዓመት የጀመረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895፣ ያበቃው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1896 ስለሆነ፣ ትክክለኛው አጻጻፍ 1895/96 ነው።